መስመሩን የሚያሰምረው ማን ነው?
በመዋዕለ ሕፃናት የሥዕልና የእጅ ሥራ አሰጣጥ ላይ የቀረበ ሂስ

1. መግቢያ

በመዋዕለ ሕፃናትና በ«0» ክፍል ከሚከናወኑት ተግባሮች መካከል ሥዕል መሳል፣ ቀለም መቀባት፣ ወረቀት ቀዶ መለጠፍና በጭቃ ቅርጽ ማውጣት ይገኙባቸዋል። የእነዚህን ተግባሮች አስፈላጊነት የሚቃወም የትምህርት ባለሙያ አይገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት በሕፃኑ ሁለንተናዊ ዕድገት ላይ እንዲያተኩርና ለመደበኛው ትምህርት እንዲያዘጋጀው ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ ደግሞ «0» ክፍል በአንደኛ ደረጃ ት/ቤቶች ቅጥር ውስጥ እየተስፋፋ በመሄዱ፣ ቀድሞ በከተማ የጥቂቶች ዕድል የነበረው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ወደ ገጠሩም ደርሷል። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ሥራ፣ መልካምም ሆነ ጉድለት ያለበት፣ የሚነካው የሕፃናት ቁጥር ከቀድሞው እጅግ የበዛ ነው።

የዚህ ሂስ ጥያቄ በክፍሎቻችን ሥዕል አለ ወይስ የለም የሚል አይደለም። በጊዜ ሠሌዳው ላይ ሥዕል አለ፤ በግድግዳውም ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ጥያቄው በሕፃኑ ስም የተሰቀለውን ሥዕል መስመር ያሰመረው ማን ነው የሚል ነው። መልሱ በአብዛኛው «መምህሯ» ወይም «የፎቶ ኮፒ መሣሪያው» የሚል ከሆነ፣ ሥዕል ብለን የምንጠራው ክፍለ ጊዜ ከስሙ በቀር ምን እንደቀረው መመርመር ይገባል።

2. የአሠራሩ ገጽታ

ተማሪ መምህራን ለተግባር ልምምድ በሚሠማሩባቸው ክፍሎች በተደጋጋሚ የሚታየው አሠራር የሚከተለውን ይመስላል። መምህሯ አንድ ቅርጽ፣ አበባ ወይም ዓሣ ወይም ቤት፣ በወረቀት ላይ ትሥላለች ወይም ከመጽሐፍ ታባዛለች። ወረቀቱ ለሁሉም ይታደላል። ከዚያም «አበባው ቀይ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። ሕፃናቱ በቀለም እርሳስ ይሞላሉ። ምስጋናው ከመስመር ላልወጣ ይሰጣል፤ የወጣው «አበላሸህ» ይባላል። በመጨረሻ አርባ ተመሳሳይ አበቦች በአንድ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ፤ የአንዱን ሥራ ከሌላው የሚለየው ከሥሩ መምህሯ የጻፈችው ስም ብቻ ነው።

ቅርጾቹ ከየት እንደሚመጡም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ከውጭ አገር ከተዘጋጁ መጻሕፍት የተባዙ ናቸው። በዚህም ምክንያት በረዶ ወርዶ አይቶ የማያውቅ ሕፃን የበረዶ ሰው ሲያቀልም፣ በደጁ ያለው ዛፍ ኮክ ወይም ዘይቱን ወይም ማንጎ ሆኖ ሳለ ፖም ሲሞላ፣ ጭስ ማውጫ ያለው ጣሪያ የ«ቤት» ምልክት ሆኖ ሲቀርብለት ይታያል። ሕፃኑ የሚኖርበት ጎጆ ወይም ባለ ቆርቆሮ ቤት፣ የሚያየው ቁልቋል፣ የሚጠብቃት ፍየል በወረቀቱ ላይ የሉም። ይህ ግን የበሽታው ምልክት እንጂ ዋናው በሽታ አይደለም። የተባዛው ቅርጽ ፖም መሆኑ ቀርቶ ኮክ ቢሆንም ዋናው ጉድለት እንዳለ ይቆያል፤ ሕፃኑ ስለ ቅርጹ ያደረገው ውሳኔ የለምና።

3. የሐሳቡ ታሪክ በአጭሩ

ይህ አሠራር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ታሪክ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ፍሪድሪኽ ፍሮቤል በ1837 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ባድ ብላንከንቡርግ በተባለች ከተማ ተቋሙን ሲመሠርት ሥዕልንና የእጅ ሥራን ከዋና ዋና ተግባሮች ተርታ አስገብቷቸዋል። ሆኖም ሥዕሉ የሚሠራው በእኩል አራት ማዕዘኖች በተሰመረ ሰሌዳ ላይ ሲሆን፣ ሕፃኑ መጀመሪያ ቀጥ ያለ፣ ቀጥሎ አግድም መስመር፣ በተወሰነ ርዝመትና ቅደም ተከተል ያሰምር ነበር። ፍሮቤል የሕፃኑን ጨዋታ ያከበረ ሰው ቢሆንም፣ በሥዕል ረገድ መንገዱን አስቀድሞ ቀይሶ ሰጥቶታል።

በዚህ ላይ ከተነሡት ተቃውሞዎች መካከል ስሙ የታወቀው የቪየናው መምህር ፍራንዝ ቺዜክ ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የልጆች የሥዕል ክፍሉ ሕፃናት የራሳቸውን ሐሳብ እንዲሥሉ ለቀቃቸው። ይሁን እንጂ ከክፍሉ የወጡት ሥራዎች እርስ በርሳቸው መመሳሰላቸው ከተቺዎች ዐይን አላመለጠም፤ «ነጻ» በተባለው ክፍልም ቢሆን የመምህሩ ምርጫ በስውር ይሠራ ነበር ማለት ነው። ፈረንሳዊው ዦርዥ-አንሪ ሉኬ በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ፣ ሕፃን የሚሥለው የሚያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን መሆኑን አስረዳ። በቪክቶር ሎዌንፌልድ የተጻፈውና በ1947 እ.ኤ.አ. የወጣው መጽሐፍ ደግሞ የሕፃናትን ሥዕል በዕድገት ደረጃ ከፋፍሎ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት የጭረት፣ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት የቅድመ ቅርጽ ደረጃ አድርጎ አቀረበው፤ በማቅለሚያ መጻሕፍት ላይም ጠንካራ ተቃውሞ አሰማ።

የሉኬ ትንተና ለእኛ መምህራን ልዩ ጥቅም አለው። አንዲት የአምስት ዓመት ሕፃን ቤት ስትሥል ግድግዳውን እንደ መስተዋት አሳልፋ እናቷን ከረከቦቱ ፊት ተቀምጣ፣ ጀበናውን በፍሙ ላይ ተጥዶ ብታሳይ፣ «ግድግዳ አሳልፎ አያሳይም» ብሎ ማረም ስሕተት ይሆናል። ቤት ማለት ለእርሷ በውስጡ እናት ያለችበት መሆኑን ገልጻለችና። እንዲሁም የአራት ዓመት ልጅ ከጭንቅላት በቀጥታ እግር የወጣለት ሰው ቢሥል አካልን የማያውቅ ሆኖ አይደለም፤ «ሆድህ የት አለ?» ቢባል ወዲያው በእጁ ይነካል። ሥዕሉ ሕፃኑ በዚያ ሰዓት ዋና ነው ያለውን መርጦ ያስቀመጠበት ነው። በተባዛው ወረቀት ላይ የሚታጣው ይህ ምርጫ ነው፤ ምርጫው ከታጣ ደግሞ መምህሯ ስለ ሕፃኑ አስተሳሰብ ልታውቅበት የምትችለው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል።

4. ለአሠራሩ የሚቀርቡ መከላከያዎች

የተባዛውን ቅርጽ የሚደግፉ መምህራን የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። ስለዚህ አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

ሀ. «እጅን ለጽሕፈት ያዘጋጃል።» በመስመር ውስጥ መሙላት እጅን እንደሚያሠራ አይካድም። ነገር ግን ጽሕፈት የሚጠይቀው መሙላትን ሳይሆን ማስመርን ነው፤ መስመርን ከአንድ ቦታ ጀምሮ፣ አቅጣጫውን ጠብቆ፣ በታሰበው ቦታ ማቆምን። የፊደላችንን ቅርጽ ልብ ብለን ብንመለከት «ዐ» ክብ ነው፤ «ቀ» ክብና ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ «ተ» መስቀልን ይመስላል፤ «ለ» ሁለት እግሮች ነው። ሕፃን ሳያስተምሩት ጫር ጫር ሲያደርግ ቆይቶ በሦስትና በአራት ዓመቱ ከሚደርስባቸው ቅርጾች መካከል ዋነኞቹ የተዘጋው ክብ፣ ቀጥ ያለው መስመርና መስቀሉ ናቸው። እንግዲህ ለፊደል የሚያዘጋጀው ልምምድ ሕፃኑ ራሱ በሚያሰምረው ሥዕል ውስጥ አለ። መስመሩን መምህሯ ስታሰምርለት ለጽሕፈት የሚጠቅመውን ሥራ ከእጁ ወስዳ ትርፉን ትተውለታለች።

ለ. «የተማሪው ቁጥር ብዙ ነው፤ ዕቃም የለም።» ይህ እውነት ነው፤ ችግሩንም የማያውቅ ሰው ብቻ ይንቀዋል። ሆኖም የተባዛው ወረቀት ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ አልተገኘም። ወረቀቱ ገንዘብ ያስወጣል፤ ማባዣው ቀለምና መብራት ይፈልጋል፤ የቀለም እርሳሱም ለእያንዳንዱ ልጅ መዳረስ አለበት። መብራትና የማባዣ መሣሪያ በሌለበት የገጠር «0» ክፍል አሠራሩ ከነጭራሹ አይቻልም፤ በውጤቱም «ዕቃ ስለሌለ ሥዕል የለም» ይባላል። አፈር፣ ከሰል፣ ቅጠልና ውኃ ባለበት ቦታ ሥዕል የለም መባሉ፣ ሥዕል ማለት የታተመ ወረቀት ነው ከሚል እምነት የመጣ ነው።

ሐ. «ወላጆች የሚፈልጉት ይህንን ነው።» ወላጅ ለከፈለው ገንዘብና ለላከው ልጅ ማስረጃ ማየት መፈለጉ ተገቢ ነው። ንጹሕና የሚያምር ወረቀት ወደ ቤት ሲሄድ ደስ ይለዋል፤ የተዘበራረቀ ጭረት ሲያይ ግን «ምን ተማረ?» ይላል። ይህ ግን ወላጅን የማስረዳት ሥራ እንዳልተሠራ ያመለክታል እንጂ የአሠራሩን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። የአንድን ሕፃን የመስከረም፣ የጥርና የሰኔ ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርጎ ማሳየት ከማንኛውም የማቅለሚያ ወረቀት የበለጠ ማስረጃ ነው። በመስከረም ጭረት የነበረው በጥር ክብ ሆኖ፣ በሰኔ ዐይንና እግር ሲያወጣ ያየ ወላጅ ልጁ ማደጉን በዐይኑ ያያል።

መ. «መቅዳት የአባቶቻችን የትምህርት ዘዴ ነው።» ከሁሉም የሚከብደው መከላከያ ይህ ስለሆነ ለብቻው መታየት ይኖርበታል።

5. መቅዳት ሁሉ አንድ አይደለም

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሕፃኑ ፊደልን ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ ይደግማል፤ ሠዓሊውም ከመምህሩ ሥር ሆኖ የቀደመውን ሥዕል እያየ ይለማመዳል። ስለዚህ «መቅዳት ፈጠራን ይገድላል» የሚለውን አባባል ከውጭ መጻሕፍት እንዳለ አንሥቶ በእኛ ክፍሎች ላይ መጫን ተገቢ አይሆንም። በራሳቸው በውጭዎቹ ምሁራን ዘንድም አባባሉ ተፈትኗል። አሜሪካውያኑ ብሬንትና ማርጆሪ ዊልሰን በ1977 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጽሑፍ ልጆች ሥዕልን በአብዛኛው የሚማሩት ከሌሎች ሥዕሎች በመቅዳት መሆኑን በመግለጽ የነሎዌንፌልድን ትምህርት ተቃውመዋል።

በእኛ አገር ለዚህ ጉዳይ ከእንቁጣጣሽ ሥዕል የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ልጃገረዶች «አበባየሆሽ» እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆች አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ ሥለውና ቀለም ቀብተው በአዲስ ዓመት ማለዳ ለጎረቤት ያበረክታሉ፤ ሳንቲም ወይም ዳቦም ይቀበላሉ። ይህን ሥዕል ማንም ልጅ ከምንም ተነሥቶ አልፈጠረውም። ታናሽ ከታላቅ ወንድሙ፣ ታላቁም ከሰፈር ልጅ እያየ የቀዳው ነው። ይሁን እንጂ ሁለት የእንቁጣጣሽ ሥዕሎች አንድ ዓይነት አይሆኑም። የአንዱ መልአክ ክንፍ ከገላው ይበልጣል፤ የሌላው አበባ ከወረቀቱ አልፎ ሊወጣ ይደርሳል። ልጁ ያየውን ቢቀዳም መስመሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ያሰመረው እርሱ ነውና። ወረቀቱን ይመርጣል፣ ቀለሙን ያዘጋጃል፣ ሲሳሳት ያርማል፣ ሥራውን ይዞ ሰው ፊት ይቀርባል።

የተባዛው ወረቀት ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ ይቆማል። በዚያ ልጁ አይቶ አልቀዳም፤ የተቀዳ ተሰጠው። ስለዚህ ልዩነቱ በመቅዳትና በመፍጠር መካከል ነው ብለን ካሰብን ክርክሩን እናጣለን። ልዩነቱ እጁ መስመሩን በሚያሰምር ልጅና የሌላ ሰው መስመር ጠባቂ በሆነ ልጅ መካከል ነው። የእንቁጣጣሽ ሥዕል ራሱ በብዙ ከተሞች በታተመ ካርድ እየተተካ መምጣቱ ሲታይ፣ ልጆች በሠፈራቸው ይማሩት የነበረውን ለማቆየት ትምህርት ቤት ኃላፊነቱ እንደሚጨምር ግልጽ ነው።

6. በሌላው ጫፍ ያለው ስሕተት

ከላይ የተባለው ሁሉ «ሕፃኑን ልቀቁት፤ እንዳሻው ያድርግ» ወደሚል ድምዳሜ መወሰድ የለበትም። አንዳንድ ሠልጣኞች የተባዛውን ወረቀት እንዲተዉ ሲመከሩ ባዶ ወረቀት አድለው «የፈለጋችሁትን ሣሉ» ብለው ይቀመጣሉ። ሕፃናቱም ግማሾቹ ዝም ብለው ይቀራሉ፤ ግማሾቹ የጎረቤታቸውን ይመለከታሉ። ቀላል ተግባር ማለት ዝግጅት የሌለው ተግባር ማለት አይደለም። መምህሯ ዕቃውን ትመርጣለች፤ አንድ አዲስ ነገር ታሳያለች፤ ስለሚሣለው ነገር ከሕፃናቱ ጋር ትነጋገራለች። «ዛሬ ጠዋት ስትመጡ በመንገድ ምን አያችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከአሥር ደቂቃ ጨዋታ ጋር ሲቀርብ ከማንኛውም ናሙና የበለጠ ሥዕል ያስገኛል።

7. በእጅ ባለው ዕቃ ሊሠሩ የሚችሉ ተግባሮች

የሚከተሉት በማንኛውም ወረዳ ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው።

1ኛ/ በጭቃ መሥራት። የሸክላ አፈር ጠጠሩና እሾሁ ተለቅሞ፣ ተነፍቶ፣ በውኃ ተለውሶ አንድ ሌሊት በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ቢያድር ለሕፃን እጅ ይመቻል። ዋልካ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ቀይ አፈር ወይም አሸዋ ቢደባለቅበት ይሻላል። የገጠር ልጅ ከብት ሲጠብቅ የጭቃ በሬ መሥራት ያውቅበታል፤ መምህሯ ይህን ችሎታ ወደ ክፍሉ መጋበዝ እንጂ ናሙና ማቆም አይጠበቅባትም።

2ኛ/ በከሰልና በጠመኔ መሣል። በሲሚንቶ ወለል፣ በተደመደመ መደብ ወይም በካርቶን ላይ ይሠራል። ቦታው ሰፊ ስለሚሆን ሕፃኑ ከትከሻው ጀምሮ እጁን ያንቀሳቅሳል፤ የጣት ጡንቻው ገና ላልጠነከረው የአራት ዓመት ልጅ ይህ ከቀጭን እርሳስ ይቀድማል።

3ኛ/ ቀለም ማዘጋጀትና መቀባት። እርድ ቢጫ፣ ቀይ ሥር ቀይ፣ የተጨቀጨቀ ቅጠል አረንጓዴ፣ የከሰል ዱቄት ጥቁር፣ ቀይ አፈር ቡናማ ይሰጣሉ። ከዱቄት ከተሠራ ቀጭን ሙጫ ጋር ቢደባለቁ በወረቀት ላይ ይይዛሉ። ጫፉ ተቀጥቅጦ የላላ አዲስ የመፋቂያ እንጨት ጥሩ ብሩሽ ይሆናል። በርበሬ ግን ዐይን ስለሚያቃጥል ፈጽሞ አይቅረብ።

4ኛ/ መቅደድና መለጠፍ። አሮጌ ጋዜጣና የዕቃ መጠቅለያ ወረቀት በእጅ ተቀዶ በዱቄት ሙጫ ይለጠፋል። መቀስ ሳይኖር በጣት መቅደድ ራሱ ለጣት ጥሩ ልምምድ ነው። ምስርና አተር መለጠፍ በአንዳንድ መመሪያዎች ቢመከርም ሁለት ምክንያቶች ይቃወሙታል፤ ትንንሽ ፍሬዎች በሕፃን አፍንጫና ጆሮ ይገባሉ፤ በብዙ ቤቶች ደግሞ የሚበላ እህል መጫወቻ ሲሆን ማየት ነውር ነው። የደረቀ ቅጠል፣ የበቆሎ ሽፋን፣ የእንሰት ቃጫና ስንደዶ ይበቃሉ።

5ኛ/ ማተም። ሥሩ የጎላ ቅጠል በቀለም ተነክሮ በወረቀት ላይ ሲጫን መልኩን ይተዋል። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ህትመቱን እየደጋገመ ራሱ ተርታ ያወጣል፤ ይህም ለሒሳብ ትምህርት መቅድም ይሆናል።

ክፍሉ ብዙ ሕፃናት ያሉበት ከሆነ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ማሠራት ግድ አይደለም። ስምንት ወይም አሥር ሕፃናት በጭቃ ሲሠሩ ሌሎቹ በወለል ላይ ይሥላሉ ወይም ተረት ያዳምጣሉ፤ በሳምንቱ ውስጥ ሁሉም ይዳረሳሉ።

ከዕቃው ይልቅ ክብደት ያለው የመምህሯ ንግግር ነው። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» የሚለው አነጋገር ሕፃኑን ያሳፍራል። «ስለ ሥዕልሽ እስቲ ንገሪኝ» የሚለው ግን አፏን ይከፍታል፤ ያለችውንም መምህሯ በወረቀቱ ግርጌ በሕፃኗ ቃል ብትጽፍላት፣ የተናገሩት ነገር ሊጻፍና ተመልሶ ሊነበብ እንደሚችል ሕፃኗ ፊደል ሳትቆጥር ትረዳለች።

8. የማሠልጠኛ ኮሌጆች ኃላፊነት

ጥፋቱን ሁሉ በመምህሯ ላይ መጣል ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። አንዲት ሠልጣኝ በኮሌጅ ቆይታዋ ስለ ሕፃናት ሥዕል የዕድገት ደረጃ በቃል አጥንታ ትፈተናለች፤ ጭቃ ለውሳ፣ ቀለም ጨቅጭቃ፣ ከሕፃን አጠገብ ተቀምጣ ሲሥል ሳታይ ግን ልትመረቅ ትችላለች። በተግባር ልምምድ ጊዜም የሚመዝናት ሰው ቀድሞ የሚያየው የግድግዳውን ውበት ነው። አርባ ንጹሕ አበቦች የሰቀለች ሠልጣኝ ከፍተኛ ነጥብ የምታገኝ ከሆነ፣ አርባ የተለያዩ ጭረቶች የሰቀለችው ደግሞ «ዝግጅት ይጎድላታል» ከተባለች፣ የምትመርጠው መንገድ የታወቀ ነው።

ስለሆነም ሦስት ነገሮች በአስቸኳይ ሊደረጉ ይገባል። አንደኛ፣ የተግባር ልምምድ መመዘኛ ቅጽ ላይ «የክፍል ማስጌጫ» ከሚለው መስፈርት ጎን «በተሰቀሉት ሥራዎች ውስጥ የሕፃናቱ የራሳቸው መስመር ይታያልን?» የሚል ጥያቄ ይጨመር። ሁለተኛ፣ እያንዳንዷ ሠልጣኝ የአንድ ሕፃን ሥዕሎችን ቢያንስ ለአንድ የትምህርት ወቅት ሰብስባ፣ ቀን ጽፋባቸው፣ ያየችውን ለውጥ እንድታስረዳ ይደረግ። ሦስተኛ፣ ለ«0» ክፍል የሚዘጋጁ የሕፃናት መጻሕፍት በሚገመገሙበት ጊዜ ለማቅለም የተሰጡት ገጾች ከባዶ ገጾች ጋር ተነጻጽረው ይቆጠሩ፤ ለሕፃኑ የተተወ ባዶ ገጽ የሌለው መጽሐፍም ለእርማት ይመለስ።

በአሁኑ አሠራር የሚጎዳው ሕፃን አይጮህም፤ አቤቱታም አያቀርብም። አንደኛ ክፍል ገብቶ ባዶ ወረቀት ሲሰጠው «እኔ ሥዕል አልችልም፤ ሥለው ስጡኝ» ይላል። በሦስት ዓመቱ በአመድ ላይ በጣቱ ሲሥል የነበረ ልጅ በሰባት ዓመቱ እንዲህ ካለ፣ በመካከል ያሉት ዓመታት ያለፉት በእኛ እጅ ስለሆነ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።